የሌላ ሰው ጊታር

ጋምቤላ፣ ኅዳር 1988 ዓ.ም.

ውድ ኦጁሉ፣

ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነው። ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩን መምህር እንዲህ ነበር ያሉን፤ መጀመሪያ የተቀባዩን ጤና፣ ቀጥሎ የላኪውን፣ ከዚያ ጉዳዩን። እኔ ግን ገና ከመጀመሪያው መስመር ተደናቀፍኩ። የአንተን ጤና ምን ብዬ ልጠይቅ? ጠዋት ስጸልይም የሚይዘኝ ይኸው ነው። የሕያዋንን ስም ጠርቼ ስጨርስ ትንሽ ዝም እላለሁ፣ ከዚያ የሙታንን እጀምራለሁ። ሚስቴን እሙዬን በመጀመሪያ እጠራታለሁ። አንተ ሁልጊዜ መካከል ላይ፣ እዚያ ዝም በምልበት ቦታ ትቀራለህ። ከሕያዋን ጋር እንዳልጠራህ አብሮህ ሲሻገር የነበረው ኛቾል ውኃው ሲወስድህ በዓይኔ አይቻለሁ ብሏል። ከሙታን ጋር እንዳልጠራህ እናትህ አልፈቀደችም።

ስለዚህ ጉዳዩን ብቻ ልጻፍልህ። ጉዳዩ ጊታርህ ነው።

መጀመሪያ ያመጣህልኝን ቀን ታስታውሰው ይሆን? የእሙዬ አርባ ወጥቶ ሰዉ ሁሉ ወደየጉዳዩ ሄዶ ነበር። የቀረችው እናትህ አባንግ ብቻ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ትመጣና ደጃፌ ላይ ትቀመጣለች። እንደ እኛ ሰው እግዜር ያጥናህ አላለችኝም፣ በርታም አላለችኝም፤ ፒፓዋን እያጨሰች ዝም ብላ ትቀመጣለች። እኔ የከተማውን የመብራት ሞተር ላስነሣ ወደ ሥራ ስነሣ እሷም ተነሥታ ትሄዳለች። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ያጽናናኝ ሰው ማነው ብባል፣ አንድ ቃል ያልተናገረችኝን ሴት ነው የምጠራው።

አንተ የመጣኸው መብራት ቤት ነው። ናፍጣ ስሞላ ቀና ብል በሩ ላይ ቆመሃል፤ በሩ ስለሚያጥርህ አንገትህን ሰበር አድርገህ። ጊታሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለህ ይዘኸዋል። ኢታንግ ገበያ ከአንድ ስደተኛ እንደገዛኸው ነገርከኝ። ሰውነቱ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ጠርዙ ላይ በእርጥበት መላጥ ጀምሯል፤ ቀለሙ የጥፍር ቀለም ይመስላል።

«ጋሽ ሰብስቤ፣» አልከኝ፣ «ይሄ ዕቃ አፍንጫውን ተይዞ ነው የሚዘምረው። አፍንጫውን ልቀቅልኝ።»

እኔ የሞተር ሰው ነኝ፣ የዜማ ሰው አይደለሁም አልኩህ። ዜማው በእኔ ይሁን፣ ብረቱ በአንተ ብለህ ከበርሜሉ ላይ ተቀመጥክ። ከእሙዬ ቀብር ወዲህ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሳቅኩት። ደንግጬ አፌን በእጄ ያዝኩ።

የምትፈልገውን ድምፅ ለመናገር ጊዜ ወሰደብህ። አባትህ ቶም ይመታ ነበር። እኔ ቶም ምን እንደሆነ ለደገኛ ሰው ሳስረዳ፣ በአውራ ጣት የሚመቱት፣ የብረት ምላሶች ያሉት ሳጥን ነው ስል ትስቅብኛለህ፤ ሰው ማለት አጥንትና ሥጋ ነው ብሎ እንደማስረዳት ነው ትለኛለህ። አባትህ የሚመታው ቶም ወፍራም ድምፅ ነበረው፣ ከድምፁም ጋር አብሮ እዝዝ የሚል፣ ውስጡ ንብ ያደረበት የሚመስል ነገር። በቤተ ክርስቲያናችሁ ግን የዚያን ዘመን ሽማግሌዎች ቶም የመጠጥ ቤት ነው ብለው ከልክለዋል። አባትህን ቶምህን ደጅ አስቀምጠህ ግባ አሉት። እሱም ከቶሙ ጋር ደጅ ቀረ። እስኪሞት ድረስ እሑድ እሑድ ከአጥሩ ውጭ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ነው መዝሙር የሰማው። ጊታር ግን ተፈቅዷል። ፈረንጆቹ ይዘውት ስለመጡ ማንም ከመጠጥ ጋር አላገናኘውም።

አንተ የፈለግከው አባትህን ጊታር ውስጥ ደብቀህ ማስገባት ነበር።

ብዙ ነገር ሞከርን። የአባቴ በገና ትዝ ብሎኝ መጀመሪያ የበግ ጅማት ወጠርንበት፤ ጊታሩ ዝም አለ። የክሩን ንዝረት ወደ ድምፅ ማጉያው የሚያደርሰው ማግኔት የሚሰማው ብረት ብቻ መሆኑን ያኔ ነው የተማርኩት። «ይሄም የሚሰማው የራሱን ወገን ብቻ ነው» አልክ፤ ክልል ከሆንን ወዲህ በየቢሮው የሚባለውን እያሰብክ ነበር። የብስክሌት ፍሬን ካቦ ፈትተን ነጠላ ነጠላውን ወጠርን፤ ጣትህን ቆረጠህ፣ የጊታሩንም አንገት አጎበጠው። የጠርሙስ ቆርኪ ክሮቹ ላይ አንጠለጠልን፤ የሰባራ ባልዲ ድምፅ ሰጠን። ከተበላሸ ሬዲዮ ኮንደንሰር አውጥቼ በየድኩበትና ቀጭኑን ድምፅ ቀነሰልን፤ ያ ጠቀመን። ማግኔቱን ወደ ክሮቹ ላስጠጋ ብዬ ስበሳ ደግሞ አንዱን ቀዳዳ አሳስቼ ከቦታው ጎን በሳሁት። አፍሬ ቀና ብል አንተ ወደ ውጭ ታያለህ፤ እንዳላየህ ለመምሰል። ከኪሴ የጧፍ ሰም አወጣሁና በአውራ ጣቴ ደፈንኩት። ይቺን ቀዳዳ ያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እዝታው ግን አልመጣ አለ። ያኔ ነው አባቴን ያሰብኩት። ሞጣ አጠገብ፣ ሁዳዴ ሲገባ በገናውን ከግድግዳ ያወርድና፣ ክሩ ተሸካሚው እንጨት፣ በርኩማው ላይ ከሚያርፍበት ሥር በየክሩ ትንሽ የቁርበት ቁራጭ ይወትፋል። እንዝራ ይላታል። እሷን ወደ ፊት ወደ ኋላ በጥፍሩ ሲያስኬድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እኛ ልጆቹ እንስቅ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ቦታዋን ስታገኝ ቤቱ በሙሉ ይነዝራል።

የፍየል ቆዳ ቆርጠን ወተፍን። መጣ። አንተ ተነሥተህ ቆምክ። በማግሥቱ ዘነበ፣ ቆዳው የባሮን እርጥበት ጠጥቶ እንደ ረጠበ ዳቦ ሆነ፣ ድምፁም ሞተ። ትልቁን የባሮ ዓሣ ቆዳ አድርቀህ አመጣህ፣ እሱ ውኃ አይፈራም ብለህ። እውነትህን ነው፣ ውኃ አልፈራም። ልምምድ ላይ ግን መዘምራኑ ሽታውን አልቻሉም፤ በመጨረሻም የመብራት ቤቱ ድመት መጥታ በላችው። ወንዳፍራሽ፣ ያ የሥራ ባልደረባዬ፣ እስከ ዛሬ ያቺን ድመት ዘማሪቷ ነው የሚላት።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አንተ አታውቅም፤ ቆዳውን የድሮ የበቅሎ ልጓም ነው ብዬህ ነበር።

እሙዬ ውዳሴ ማርያም የምታነብበት መጽሐፍ ማኅደር ከእናቷ የወረሰችው ነው። ማንገቻው ቆዳ ነው። እዚህ አገር ስንት ክረምት አሳለፈ፤ ጫማዬ አረንጓዴ ሲያበቅል፣ የልብሳችን ሳጥን ሲሻግት፣ ያ ማንገቻ አንድ ቀን አልረጠበም። ቆዳውን እንዴት አድርገው እንዳለፉት አላውቅም። ወይም የእጇ ወዝ ነው፤ ስታነብ እጇ ላይ ትጠመጥመው ነበር። አንድ ጠዋት አውርጄ ሳነብ ጣቴ ነካውና ሐሳቡ መጣ። ሐሳቡን ለማባረር ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አልተባረረም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ አይሆንም ቢሉኝ የምታዘዝ ሰው ስለሆንኩ ነው። ከሁለቱም ጫፍ ቆረጥኩና በየክሩ ሥር ወተፍኩት።

ክሩን ስትነካው ድምፁ ከጊታሩ ሳይሆን ከምንቆምበት መሬት የወጣ መሰለኝ። አንተ አባትህን ሰማህ። እኔ አባቴን ሰማሁ፣ ከአባቴ ሥር ደግሞ እሙዬን፣ ጎሕ ሲቀድ በከንፈሯ ስታነበንብ። አንተ ትመታለህ፣ እኔ የሞተሩን ዘይት አያለሁ እያልኩ ጀርባዬን አዞርኩ።

እሑዱን መቼም አትረሳውም። እኔ ከቅዳሴ ስመለስ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ከአጥራችሁ ውጭ ማንጎው ሥር ቆምኩ። ሞንታርቦው በመኪና ባትሪ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ ጮኸ፣ ከዚያ አንተ ገባህ። አሮጊቶቹ እልል አሉ፣ መዝሙሩ ገና ሳይጀመር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንገታቸውን አስግገው መሣሪያውን አዩት፤ ጊታር ነው፣ ምን ይበሉ? ሲያበቃ ጠርተው፣ ልጄ ዕቃህ ያንዛርራል፣ አሠራው አሉህ። አንተም ቀና ሳትል፣ እየተሠራ ነው አባቴ አልካቸው። እናትህ ከውስጥ ወጥታ አንገትህን ሳበችና የተናገረችው በአማርኛ ነው፣ እኔም እንድሰማው።

«አባትህ ዛሬ ገባ።»

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ፑኝዶ መጠለያ የስደተኞቹን መዘምራን እንድታስለምድ ላኩህ። ጊታሩን ይዘህ ሄድክ። ባለፈው ክረምት ድንበር ማዶ ያለውን አጎትህን ልትጠይቅ ስትነሣ፣ ውኃ እንዳይነካብህ ብለህ ሬዲዮ ለሚጠግነው ለጎርደን አደራ ሰጠኸው። ለጊታሩ ተጠነቀቅክ። ታንኳው አኮቦ ወንዝ ላይ ሲገለበጥ ኛቾል ዋኝቶ ወጣ። አንድ ጊዜ እጅህን ከውኃው በላይ እንዳየ፣ ከዚያ እንዳላየ ነገረን። የሌሎቹን ሬሳ ወንዙ መለሰው። አንተን አልመለሰም።

እናትህ ኛቾልን እስከ መጨረሻው ሰማችው፣ ውኃ ሰጠችው፣ ሸኘችው። ከዚያ ለዘመዶቿ፣ ባሮ ላይ ያደገ ልጅ ነው፣ የወጣበትን ዳር አላገኘንም እንጂ ወጥቷል አለች። ለቅሶ የሚባል ነገር በቤቷ እንዳይቀመጥ ከለከለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጩን የመዘምራን ልብስህን አጥባ አጥሩ ላይ ትሰቅለዋለች። ያ ልብስ ሲሰቀል መንገደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያልፈው። አጎቶችህ ለመኗት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው እንጸልይለት አሏት። እሷ የምትመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ማን ሞተ?

ጥቅምት ውስጥ ጎርደን እህል ጭኖ በሚመላለሰው መኪና ላይ ጊታሩን ይዞ መጣ። ለእናቱ ማድረስ አለብኝ ብሎ ነው። እኔንም ጠሩኝ። ግቢው ሞልቶ ነበር፤ አሁንስ ታምናለች፣ ዕቃው ያለ ባለቤቱ መጣ ብለው ተሰብስበዋል። እናትህ ልትነካው አልፈለገችም።

«ይናገር» አለች።

ጎርደን በባትሪ ድንጋይ ከሚሠራ ቴፕ ጋር አገናኝቶ መታው። ጥርት ያለ፣ እንደ አዲስ ቆርቆሮ የሚያብረቀርቅ ድምፅ ወጣ። ልቤ ወደቀ። እናትህ ግን ፊቷ በራ፣ ኦጁሉ። እንዲያ ሲበራ ከዚያ እሑድ ወዲህ አላየሁትም።

«ይሄ የልጄ አይደለም» አለች። «የልጄ ጊታር ውስጡ አባቱ አለ። ይሄ ውስጡ ሰው የለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አማርኛዋ ውስጥ እርስዎ የሚባል የለም፤ ለአስተዳዳሪውም ለእኔም አንተ ነው፣ ስወድላት የኖርኩት ነገር ነው። «ሰብስቤ፣ አንተ ሠራህ። እይ። ይሄ ያ ነው?»

ተቀበልኩት። አውራ ጣቴ ሳልልካት ሄዳ ቀዳዳዋን አገኘቻት። የጧፍ ሰሙ እዚያው ነበር፣ አሻራዬ እንዳለበት። ሰው ሁሉ አፌን ያየኛል። በደንብ ልየው ብዬ ጊታሩን ብብቴ ሥር ይዤ ወጣሁ።

ጎርደን መንገድ ላይ ደረሰብኝ። «አባ፣» አለኝ፣ «ድሮ ድምፁ ልክ አይደለም። የታመመ ነው። ውስጡ አሮጌ ቆዳ አገኘሁ፣ አወጣሁ፣ ጠረግሁ። ለእናት የታመመ ዕቃ አይላክም።» ቆዳውን ምን አደረግከው አልኩት። እሳት ውስጥ ጣልኩት አለኝ። ሥራውን እንዳመሰግንለት ቆሞ ይጠብቃል፤ ዓይኑ ንጹሕ ነው። ከወዳጁ የቀረውን ብቸኛ ነገር አሳምሮ ለእናቱ አመጣ። አመሰገንኩት። ምን ልበለው?

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰሞን እንዴት ልንገርህ። አጎቶችህ እየተመላለሱ፣ አንተ ነህ የሠራኸው፣ ያው ነው በላትና ተገላገል ይሉኛል። በአፌ ብነግራት አታምነኝም፤ የምታምነው ጆሮዋን ነው። ድምፁን ከመለስኩት ልጇ ሞተ። ካልመለስኩት ልጇ አለ፣ እኔ ደግሞ እያወቅኩ የደበቅኳት ሰው ነኝ፤ እሷ በእኔ ቤት ደጃፍ እንደዚያ ተቀምጣ።

እሙዬን በራሴ እጅ ነው ያወረድኳት። አፈሩ ሲመለስ ጥርጥር የሚባል ነገር አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ አንዲት ጥርጥር ቢኖረኝ ብዬ የተመኘሁባቸውን ቀኖች እግዚአብሔር ያውቃቸዋል። በር ሲንኳኳ ምናልባት ብሎ መነሣት እንኳ ትልቅ ሀብት ነው፤ ያጣው ሰው ነው የሚያውቀው። እናትህ ያ ሀብት አላት። ከሰው ሁሉ ተመርጬ እኔ ሄጄ ልወስድባት ነው።

ጸለይኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ድሮ መልስ ባይመጣም ዝምታው ይሞቀኝ ነበር፤ ሰው ያለበት ቤት ዝምታ ነበር። አሁን አይሞቅም። ተንበርክኬ እነሣለሁ፣ ጉልበቴ ላይ አቧራ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ይህንንም ለነፍስ አባቴ አልነገርኩም። ለአንተ ነው የነገርኩት።

በመጨረሻ ያስነሣኝ የእናትህ ጥያቄ ነው። ልጄ አለ ወይ አላለችኝም። ለዚያ መልስ የለኝም። ይሄ ያ ነው ወይ ነው ያለችኝ። ለዚህ መልስ አለኝ።

ከእሙዬ ማንገቻ የቀረው መካከሉ ብቻ ነበር፤ እጇ ላይ የሚጠመጠመው፣ አውራ ጣቷ ያጠቆረው። በምላጭ ቆረጥኩት። ስቆርጥ ስሟን አልጠራሁም፤ ብጠራት እጄ እንደሚቆም አውቃለሁ። በየክሩ ሥር ወተፍኩና አባቴ በጥፍሩ እንደሚያደርገው ወደ ፊት ወደ ኋላ አስኬድኩት። ቀን መብራት ስለሌለ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የለካሁት። ልቤ ይለምን ነበር፤ ይምጣልኝ ብሎ ይሁን አይምጣ ብሎ እኔም አላውቅም።

ሲመሽ ሞተሩን ለወንዳፍራሽ ትቼ ጊታሩንና ትንሿን ሞንታርቦ ይዤ እናትህ ዘንድ ሄድኩ። ብቻዋን ነበረች። አምፖሉን እያየን መብራት ጠበቅን። ቀላ፣ ከዚያ በራ። እኔ የማውቀው ያስተማርከኝን ያቺን ዜማ ብቻ ነው፤ አባትህ ዘፈን ሁሉ የሚጀምርባትን፣ እንደ እግር አንዴ ሄዳ አንዴ የምትመለሰውን። መታሁ።

መጣ፣ ኦጁሉ። ከመጀመሪያውም ይልቅ መጣ። የቆርቆሮ ክዳኗ በላያችን ነዘረች።

ፒፓዋን ከአፏ አወጣች። ተነሥታ መጣችና መዳፏን ጊታሩ ሆድ ላይ አኖረች። ድገም አላለችኝም፤ ደገምኩ። ንዝረቱ በመዳፏ አልፎ ክንዷ ላይ ሲወጣ አየሁት፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ። ዓይኖቿ ተጨፍነዋል። ክሩ ዝም እስኪል ጠበቀች፣ ከዚያም እጇን አላነሣችም። እኔ አፌን ከፍቻለሁ፤ አዎ ያው ነው ልላት ነው፣ የመጣሁበት እሱ ነው።

«አይደለም» አለች። ድምፅዋ አልተሰበረም። «ይሄ የሌላ ሰው ነው። የሌላ ሰው ልጅ ነው የሞተ።»

ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ያኔ ደጃፌ ላይ ፒፓዋን እያጨሰች ስታየኝ በነበረው ዓይን ነው ያየችኝ።

«እሺ» አልኩ። «የሌላ ሰው ነው።»

ውሸት መሆኑን እሷ ታውቃለች፣ እኔ አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ሦስታችንም ዝም አልን። ጊታሩን በከረጢቱ ጠቅልዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ እሙዬን አሰብኳት፤ የእጇን ምልክት ቆርጬ የሄድኩበት ጉዳይ ሳይፈጸም ያው ይዤው ስመለስ።

በማግሥቱ ሞተሩን ላስነሣ ስል በሩ ላይ ሰው ቆመ። ልቤ መጀመሪያ አንተ ነህ አለኝ፤ ደንቆሮ ልብ። እናትህ ናት። መብራት ቤት መጥታ አታውቅም። የናፍጣው ሽታ አፍንጫዋን አስያዛት።

«ያንን የሌላ ሰው ጊታር ዛሬም አምጣ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ነው። ወንዳፍራሽ ያጉረመርማል፣ ለጊታር ነው ወይስ ለሴትዮዋ ይላል፤ እንደዚያ ብሎም ሞተሩን ይይዝልኛል። ያቺን አንዲቷን እመታለሁ፣ ሌላ ስለማላውቅ። እሷ መዳፏን ታኖራለች። የማን እንደሆነ አናነሣም። አጎቶችህ ተስፋ ቆርጠው መምጣት ትተዋል፤ ይቺ ሴት መቼም አታምንም ብለው። እኔ ግን በመጀመሪያው ቅዳሜ በቤቷ በኩል ሳልፍ አጥሩን አየሁ። ነጭ ልብስ አልነበረም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለእሷም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ደብዳቤውን የጻፍኩትም በእሱ ምክንያት ነው። ቆዳው እየሳሳ ነው። ክሩ በየምሽቱ ይበላዋል። በጥፍሬ ወደ ፊት አስኬደዋለሁ፣ ወደ ኋላ አስኬደዋለሁ፤ ቦታው እየጠፋ ነው። ማንገቻው አልቋል፤ የእሙዬን ማኅደር አሁን በጨርቅ ነው ያሰርኩት። ፍየሉም ዓሣውም እንደማይሆን አንተና እኔ እናውቃለን። አንድ ቀን መብራት ይመጣል፣ ክሩን እመታለሁ፣ ጊታሩም ጎርደን እንዳመጣው ጥርት ብሎ ይዘምራል። ያን ጊዜ እናትህ እጇን የት እንደምታኖር አላውቅም። እኔም ጠዋት ለንባብ ስቀመጥ እጄን የት እንደማኖር አላውቅም። ይህ ቀን እንዳይመጣ መጸለይ ጀምሬ ነበር፤ ለቆዳ ነው የምጸልየው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ደግሞ ቀጠልኩ።

ደብዳቤውን አጥፌ ጊታሩ ውስጥ፣ ማግኔቱ ሥር ካለችው ክፍት ቦታ ላኖረው አስቤ ነበር። ወረቀቱ ድምፁን ያፍነዋል ብዬ ፈራሁ። መጽሐፉ ውስጥ፣ በጨርቅ ካሰርኩት ማኅደር ውስጥ ይቀመጥ።

ደህና ሁን ለሚሄድ ነው የሚባለው፣ ደህና ቆይ ለሚቀር። የቱን እንደምልህ አላውቅም። ዛሬም ጠዋት ሕያዋኑን ጠርቼ ጨረስኩ፣ ሙታኑን ከመጀመሬ በፊት ግን ዝም አላልኩም። በመካከል ለብቻህ ጠራሁህ፣ ኦጁሉ ብዬ፣ ምንም ሳልጨምር።

መሽቷል፤ ወንዳፍራሽ ናፍጣውን ሞልቷል። እናትህ እየጠበቀችኝ ነው።

የሌላውን ሰው ጊታር ለባለቤቱ የያዘው፣
ሰብስቤ